ከደባርቂ እስከ እሮጌ፦ አፄ ቴዎድሮስ የተዉአቸውና ያልተዉአቸው ልማዶች

በየመሥሪያ ቤቱ በሚሰጡ የአመራር ሥልጠናዎች ስለ መልካም መሪ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረዘረው መሪው ሊይዘው የሚገባው ነገር ነው፤ ራዕይ፣ ቆራጥነት፣ ታታሪነት። ሊተወው ስለሚገባው ልማድ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። አንድን ሰው ለሥልጣን ያበቃው ልማድ ራሱ ሥልጣን ከያዘ በኋላ እንቅፋት ሊሆንበት መቻሉማ የሚነሳው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ለዚህ ከአገራችን ታሪክ የአፄ ቴዎድሮስን ሕይወት ያህል ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ንጉሠ ነገሥቱ በተውኔት፣ በልብ ወለድና በዘፈን ደጋግመው የተወደሱ፣ ትምህርት ቤቶችና አደባባይ በስማቸው የተሰየሙላቸው መሪ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ያንን ክብር ለመቀነስ የተዘጋጀ አይደለም። ትኩረቱ በሁለት ጦርነቶች መካከል ባሉት 20 ዓመታት ላይ ነው። የመጀመሪያው በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ፣ ሁለተኛው በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር እሮጌ ላይ የተካሄዱ ናቸው። በሁለቱም ጊዜ ተሸናፊው አንድ ሰው ነው። ከመጀመሪያው ሽንፈት የተማሩትና በሁለተኛው የደረሰባቸው ነገር የሚመሳሰለው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በኃላፊነት ላይ የሚገኝን ማንኛውንም ሰው የሚመለከት ይመስላል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ ባላባት ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ። አባታቸው በልጅነታቸው በመሞታቸው እናትና ልጅ ለችግር ተዳረጉ። ጠላቶቻቸው ወይዘሮ አትጠገብን ኮሶ ሻጭ እያሉ ያነውሯቸው ነበር። ይህ ነቀፋ እስከ ዘመናቸው ፍጻሜ ድረስ ከአእምሯቸው አልወጣም፤ በውጭ ግንኙነታቸው ላይ ሳይቀር ያስከተለውን ጣጣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ካሣ በገዳም ገብተው የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። ገዳሙ በወራሪዎች ሲጠቃ አምልጠው ወደ ዘመዳቸው ወደ ደጃዝማች ክንፉ ዘንድ ሄዱ፤ ውትድርናንም የተማሩት እዚያ ነው። ደጃዝማች ክንፉ ካረፉ በኋላ ግዛቱ በእቴጌ መነን እጅ ሲገባ ካሣ ሸፈቱ፤ በቋራ ቆላም ለበርካታ ዓመታት በዱር ኖሩ።

እነዚህ የሽፍትነት ዓመታት ለወደፊቱ ንጉሠ ነገሥት ትምህርት ቤት ነበሩ ማለት ይቻላል። ሽፍታ ካልፈጠነ ይያዛል፤ ምስጢሩን ካካፈለ ይከዳል። ሸንጎ የመጥራት ጊዜ ስለሌለው ፍርዱን እዚያው ይሰጣል፣ ቅጣቱንም እዚያው ይፈጽማል። ተከታዮቹ የሚታዘዙለት በሹመት ደብዳቤ ሳይሆን ከፊት ቀድሞ ሲዋጋ፣ ያገኘውንም አብሮ ሲበላ ስለሚያዩት ነው። ካሣ እነዚህን ሁሉ አሟልተው ያዙ። ተከታዮቻቸው እየበዙ በመሄዳቸው ጎንደር ላይ ተቀምጠው ይገዙ የነበሩት እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ በኃይል ሊያሸንፏቸው ቢያቅታቸው በጋብቻ ሊያስሯቸው ወሰኑ፤ የራስ አሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችንም ዳሩላቸው። ጋብቻው ግን ሰላምን አላጸናም። ካሣ እንደገና ተነስተው በ1839 ዓ.ም. ጎንደርን ያዙ፤ ቆይተውም እቴጌይቱን ማርከው ሹመት አስገኝተው ለቀቋቸው።

በዚህ የድል ግለት ላይ ሳሉ ነው በ1840 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ድንበር የዘመቱት። ደባርቂ ላይ የጠበቃቸው የግብፅ ጦር በቁጥር ከእርሳቸው ያነሰ ቢሆንም በምሽግ የተከለለ፣ መድፍ የያዘና በሥርዓት የሠለጠነ ነበር። የካሣ ሰዎች እንደለመዱት እየፎከሩ ወደ ምሽጉ ሮጡ። ጀግንነት አልጎደላቸውም፤ ነገር ግን መድፉና በተርታ የሚተኮሰው ጠመንጃ አጨዳቸው። ካሣም ቆስለው ተመለሱ። እንደሚተረከው ቁስላቸውን ለሚያክመው ባለመድኃኒት የሚሰጥ ላም ከእቴጌ መነን ቢጠይቁ የተላከላቸው ብልት ሥጋ ነበር። ስድቡን ዝም ብለው እንዳያልፉት ያበረቷቸው የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ የሆኑት ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበች እንደነበሩ ይነገራል።

የካሣ ታላቅነት የታየው ከዚህ ሽንፈት በኋላ ነው። በዘመኑ የተሸነፈ መስፍን ሽንፈቱን በዕድል ወይም በክህደት ያመካኝ ነበር። ካሣ ግን ጥፋቱ በራሳቸው የአዋጋግ ልማድ ላይ እንደሆነ ተቀበሉ። ብዛትንና ፉከራን ማመናቸውን ተዉ፤ ሠራዊታቸውን በሥርዓት ማሠልጠን ጀመሩ፤ መድፍ የማግኘት ጉዳይም ዕድሜ ልካቸውን ያልተለያቸው ሐሳብ ሆነ። ውጤቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታየ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን፣ በሚያዝያ ጎርጎራ ብችኝ ላይ ራስ አሊ የላኳቸውን ደጃዝማቾች፣ በሰኔ ደግሞ አይሻል ላይ ራሳቸውን ራስ አሊን ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ካሸነፉ በኋላ በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዘመነ መሳፍንትም በዚህ አበቃ።

አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ ማግሥት ሊያስተዉ የተነሱት የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የአገሩንም ልማድ ነበር። በዘመነ መሳፍንት ወታደር የሚኖረው ገበሬውን በመዝረፍ ነው፤ ዝርፊያው እንደ ደመወዝ ይቆጠር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህንን አስቀርተው ለሠራዊቱ ደመወዝ ለመቁረጥ አሰቡ። ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ፣ ገበሬው ወደ እርሻው ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ከየመስፍኑ የተሰበሰበውን ጭፍራ በአንድ እዝ ሥር ለማዋቀርም የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃና የሻለቃ የሚባሉትን ማዕረጎች ሠሩ። ዛሬ በመከላከያ ሠራዊታችን የምንሰማቸው የማዕረግ ስሞች ያኔ የተጀመሩ ናቸው። የባሪያ ንግድን ለማገድ ሞክረዋል፤ ዜና መዋዕላቸውም በአማርኛ ተጽፏል።

ይሁን እንጂ ደመወዝ ለመክፈል ገንዘብ፣ ገንዘብ ለማግኘትም የተደራጀ ግብር ያስፈልጋል። ያ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሰፊ መሬት በእጇ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1848 ዓ.ም. ካህናቱን ሰብስበው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፤ ለእነርሱ የሚሆን መሬት ይቅርና የቀረው ለግብር ከፋዩ ገበሬ ይሰጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ካህናቱ አጥብቀው ተቃወሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ለጊዜው ቢተዉትም በ1852 ዓ.ም. በኃይል አስፈጸሙት።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳቡ ትክክል እንደነበር ብዙ የታሪክ ጸሐፍት ይስማማሉ፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከእነርሱ የተለየ አስተያየት የለውም። ጉድለቱ ያለው በአካሄዱ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ውሳኔው አፈጻጸም አራት ዓመታት አልፈዋል። በእነዚያ ዓመታት ከካህናቱ መካከል ለለውጡ የሚቆሙ ሰዎችን ማፍራት፣ በአንድ አውራጃ ጀምሮ ማሳየት ይቻል ነበር። ሽፍታ ሆኖ ያደገ ሰው ግን ተቃዋሚን በማሳመን ሳይሆን በመቅደም ነው የሚያውቀው። መሬቱ ተወሰደ፤ በዚያው ልክ በየደብሩ የንጉሡን ሕጋዊነት የሚያስረዳለት የነበረው ሰው ጠፋ። ከአቡነ ሰላማ ጋር የነበረው ወዳጅነትም እየሻከረ ሄዶ ጳጳሱ በ1856 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ታሰሩ፤ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እዚያው እንደታሰሩ ዐረፉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ፈጽሞ ምክር የማይሰሙ ሰው ነበሩ ማለት ግን ስሕተት ነው። የሚሰሟቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ከሁሉ በፊት እቴጌ ተዋበች ይጠቀሳሉ፤ ቁጣቸውን ለማብረድ የሚችሉ እርሳቸው እንደነበሩ የዘመኑ ጸሐፍት መስክረዋል። ሊቀ መኳስ የተባለው እንግሊዛዊው ጆን ቤልና የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደንም ወዳጆቻቸው ነበሩ። እቴጌይቱ በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ። ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በዓመፀኞች እጅ ቆስሎ ሞተ። ቤል ደግሞ ያንን ደም ለመመለስ በተደረገው ውጊያ ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በበቀል በርካታ ምርኮኞችን አስገደሉ። በሁለትና በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ይህ ይቅር ብሎ የሚናገራቸው ሰው አንድ በአንድ ከአጠገባቸው ጠፋ። በቦታቸው የተተካ አልነበረም፤ ንጉሡም እንዲተካ የፈለጉ አይመስልም። በእቴጌ ተዋበች ፋንታ ያገቧቸው የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ አባታቸው በንጉሡ እስር ቤት የሚማቅቁባቸው ሴት ባላቸውን ሊመክሩ የሚችሉበት ሁኔታ አልነበረም።

ሌላው ከሽፍትነት የመጣ ልማድ ሁሉን በራስ እጅ መሥራት ነው። የውጭ አገር ሰዎች በመገረም ከጻፉላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። መንገድ ሲሠራ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር፤ ሠራዊቱም እርሳቸውን አይቶ ይሠራል። ይህ ልማድ የሚያስመሰግን ነው፤ አለቃ እጁን ሳያቆሽሽ የሚያዝበት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ዋጋውን ያውቀዋል። ችግሩ አገርም በዚያው መንገድ እንድትገዛ መፈለጋቸው ነው። ወሎ ሲያምፅ ንጉሡ ራሳቸው ወደ ወሎ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሳይጨርሱ ጎጃም ይነሳል፤ ወደ ጎጃም ሲሻገሩ ሸዋ ይሸፍታል። ባሉበት ቦታ ሁሉ ያሸንፋሉ፤ ከቦታው ሲነሱ ድሉ አብሯቸው ይሄዳል። ሙሉ ሥልጣን ሰጥተው፣ በስሕተቱም ታግሠው ያቆዩት የአውራጃ ገዥ እጅግ ጥቂት ነበር።

ዓመፁ በበዛ ቁጥር ቅጣቱም ከበደ። ሽፍታ ከሃዲን የሚቀጣው ሌላው እንዲፈራ ነው። በዱር ላሉ መቶ ሰዎች ይህ ይሠራ ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን እጅና እግር ማስቆረጥን፣ በአንድ ሰው ጥፋት አገር ማስዘረፍን በአውራጃዎች ላይ ተጠቀሙበት። ገበሬውን ከዝርፊያ ለማዳን የወጣው አዋጅ ተረስቶ ሠራዊቱ ደመወዙን እንደገና ከገበሬው ጎተራ መፈለግ ጀመረ። ከዚህ በኋላ ሠራዊቱ ራሱ መክዳቱ አልቀረም።

በዚህ መካከል መቅደላ ላይ ይህንን ሁሉ በዓይኑ እያየ ያደገ አንድ ልጅ ነበር። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ምኒልክ በ11 ዓመታቸው ተማርከው ወደ መቅደላ ተወስደው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ሲገቡ ንጉሠ ነገሥቱ ቁጣቸውን ያወጡት መያዣ ሆነው በአምባው ላይ በነበሩ የወሎ መኳንንት ላይ ነው፤ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ሳይቀር ተገደለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወሎ በር ለንጉሡ ተዘጋ። ምኒልክ በበኩላቸው ከ17 ዓመታት በኋላ፣ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ማርከው ቁስላቸውን አሳክመው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ማድረጋቸው ይታወሳል። ከአፄ ቴዎድሮስ ብዙ ነገር ወርሰዋል፤ ይህንን ልማድ ግን አልወረሱም።

ከእንግሊዝ ጋር የተፈጠረው ጠብም ከአንድ ሌላ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ሲደርስ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ይህ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግልጽ ቸልተኝነት ነው፤ መልስ ያጣ ደብዳቤ ምን እንደሚያስከትል ለማየትም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በዚያው ወቅት ስተርን የተባለ ሚስዮናዊ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የእናታቸውን የኮሶ ነገር መጻፉ ተሰማ። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱን አንድ አድርገው እንደ ግል ውርደት ቆጠሩት። ስተርን ተገርፎ ታሰረ፤ በጥር 1856 ዓ.ም. ቆንስሉ ካሜሮን ጭምር ታሰረ። ከዚያም እስረኞቹን ለማስፈታት የመጣው ራሳም ራሱ እስረኛ ሆነ። ሕፃንነታቸውን ያቆሰለ ስድብ የአገርን የውጭ ግንኙነት እንዲመራ ፈቀዱለት ማለት ነው።

በ1859 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጎንደር ከተማ ከነአብያተ ክርስቲያናቱ በንጉሡ ትእዛዝ ተቃጠለ። በዚያን ጊዜ በእርግጥ የሚገዙት ደብረ ታቦርንና መቅደላን፣ በመካከል ደግሞ ሰፈራቸው ያረፈበትን መሬት ብቻ ነበር። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስገድደው ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው ይህንን መድፍ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች እያስጎተቱ፣ ገደሉን እየናዱና መንገድ እየሠሩ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። የጉልበትና የብልሃት ሥራነቱ እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ከደባርቂ የተማሩት ትምህርት በእርግጥ አልተረሳም ነበር፤ መድፍ ያስፈልጋል የሚለው ክፍሉ ብቻ ነበር የቀረው።

በዚያው ጊዜ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደሮችን ይዞ ዙላ ላይ ወርዶ ወደ መቅደላ ይገሰግስ ነበር። 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ መንገድ የዘጋበት መስፍን አልነበረም። የትግራዩ ካሣ ስንቅና መንገድ ሰጡት፤ የላስታው ዋግሹም ጎበዜ ዝም ብለው አሳለፉት፤ ምኒልክም ለንጉሠ ነገሥቱ አልደረሱላቸውም። ከእነዚህ መካከል የውጭ ጦር ወደ አገሩ እንዲገባ የሚወድ ነበር ብሎ መፍረድ ይከብዳል፤ ሁሉም ግን ከንጉሡ የደረሰባቸውን ያስታውሱ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዕለቱ ስቅለት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከፋላ ኮረብታ ላይ ሆነው የእንግሊዝ ጭነት ያለ ጠባቂ የሚመጣ መስሎ ታያቸው። የልብ ወዳጃቸው ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን እየመሩ ቁልቁል ወደ እሮጌ ሜዳ ሮጡ። እንግሊዞች የያዙት ከኋላ የሚጎርስ ፈጣን ጠመንጃና ሮኬት ነበር። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ከእነርሱ ጋር ሞቱ። ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። ሴባስቶፖል ምንም አልለወጠም። ከ20 ዓመታት በፊት ደባርቂ ላይ የተተወው ሩጫ፣ በዚያው ጀግንነትና በዚያው ውጤት፣ ከመቅደላ ሥር ተደገመ። ልዩነቱ ከደባርቂ በኋላ ቁስልን አክሞ እንደገና የሚነሱበት አገርና የሚያበረታ ሰው ነበር፤ ከእሮጌ በኋላ ሁለቱም አልነበሩም።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት የሰውየውን ሁለት መልክ አብረው ያሳያሉ። ከጦርነቱ አንድ ቀን በፊት ምግብና ውኃ የጠየቁ በርካታ አገር በቀል እስረኞችን አስገድለው ነበር፤ በሌሊት በዚህ ሲጸጸቱ እንዳደሩ ይነገራል። ከጦርነቱ በኋላ አውሮፓውያኑን እስረኞች በሙሉ ለቀቁ፤ ለፋሲካም ለእንግሊዝ ሠራዊት ከብት ላኩ። ናፒየር ግን እጃቸውን ካልሰጡ በቀር እርቅ እንደማይኖር አሳወቃቸው። ንጉሡ ለማምለጥ የሚሹትን ተከታዮቻቸውን አሰናበቱ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ የመቅደላ በር ሲሰበር ከጥቂት ታማኞች ጋር ቀርተው ነበር። ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣ ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። በዕድሜ 50 ዓመት ገደማ ይሆናቸው ነበር።

እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ በእግር ብረት የታሰሩ መኳንንትን አገኙ፤ ሰንሰለቱ ተቆርጦላቸው ወደየአገራቸው ሄዱ። የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። የንጉሠ ነገሥቱ የጸጉር ቁራጭ ከለንደን ተመልሶ ለኢትዮጵያ የተረከበው በ2011 ዓ.ም. ነው። እንግሊዞች ይዘውት ሊሄዱ ያልቻሉት ሴባስቶፖል ግን እዚያው መቅደላ ላይ፣ ስድስት ወር የተጎተተበት አምባ ላይ ቀርቷል።